ባለሦስት እግሩ በርጩማና የተጠረበበት ሼድ፦ ጅማ ለጥበበኞቿ ስለምትሰጠው ቦታ

ባለፈው ጥር ወር ጅማ ውስጥ ካለ አንድ የእንጨት ጠራቢዎች ማኅበር አንድ በርጩማ በ1,600 ብር ገዛሁ። በርጩማው ከወጥ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለሦስት እግር፣ መቀመጫው እንደ ገበቴ በመጠኑ ጎድጎድ ያለ ሲሆን ምስማርም ሆነ ኮላ አልነካውም። ዕቃውን ብቻ ገምግሜ ማለፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን መልካምነቱም ሆነ ጉድለቱ ከተጠረበበት ቦታ ጋር እጅግ የተሳሰረ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ግምገማዬ ከበርጩማው ተነሥቶ አንድ ከተማ ለኪነ ጥበብና ለባህል የሚያደርገውን ድጋፍ ወደ መመዘን እንዲዘልቅ ፈቅጃለሁ። በሙያዬ መምህርት ነኝ፤ ጅማ መኖር ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ከዚህም ሆነ ቀድሞ ካስተማርኩበት ከተማ የተማሪዎች የቲያትርና የሥነ ጽሑፍ ክበብ ጋር ስሠራ አዳራሽ ለምኜ፣ አልባሳት ተውሼ፣ የበዓል መድረክ ጠብቄ ስለማውቅ፣ የምጽፈው እንደ ዕቃ ገዢም እንደ ተገልጋይም ሆኜ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ልናገር። የጅማ በርጩማ በአገራችን ከሚታወቁት የእንጨት ሥራዎች አንዱ ነው፤ አዲስ አበባ ባሉ የባህል ዕቃ መደብሮች ውስጥ ከሌላው ዕቃ መካከል ከሩቅ የሚለይ ሲሆን፣ ዋናው መለያውም እግሮቹና መቀመጫው ተገጣጥመው ሳይሆን ከአንድ ግንድ አብረው የሚወጡ መሆናቸው ነው። ሦስት እግር ያለው ዕቃ ወለሉ ምንም ያህል አባጣ ጎርባጣ ቢሆን አይንገዳገድም፤ አራት እግር ያለው ግን አንዱ እግሩ ከመሬት በተነሣ ቁጥር ያወዛውዛል። በእበት በተለቀለቀ የአፈር ወለል ላይ እንዲቀመጥ የታሰበ ዕቃ ሦስት እግር ያለው መሆኑ የውበት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የብልሃት ውጤት ነው ማለት ነው። የእኔው በርጩማ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናውን ከከሰል ምድጃው ላይ ለማንሣት ወገቧን ማጉበጥ ሳያስፈልጋት የምትቀመጥበት ልክ ነው። ዋንዛ ቀለል ያለና ለመሮ የሚታዘዝ እንጨት በመሆኑ ልጆች እንኳ አንሥተው ከክፍል ወደ ክፍል ያዞሩታል። ቫርኒሽ እንዳይቀባና በዘይት ብቻ እንዲታሽ ጠይቄ ስለነበር የእንጨቱ ቀይማ ቡኒ መልክ ከነመሥመሩ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ግን ከሥሩ ያለውን ክፍል ነው፤ ጠራቢው የሚታየውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ፣ በሦስቱ እግሮች መካከል ያለውን የማይታይ ክፍል ግን መሮው እንዳረፈበት ትቶታል፤ በጣት ሲዳሰስ እያንዳንዱ ምት ይቆጠራል።

ጉድለቱ በግንቦት ታየ። ከመቀመጫው ጠርዝ ተነሥታ ወደ መሐል የምትሄድ፣ ጣት የምታህል ርዝመት ያላት ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁ። በርጩማውን ይዤ ማኅበሩ ወደሚሠራበት የቆርቆሮ ሼድ ስመለስ ከማኅበሩ አባላት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጠራቢ ተቀበሉኝ። ዕቃውን ገልብጠው ስንጥቋን በአውራ ጣታቸው ከዳሰሱ በኋላ፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው ልጄ፤ እንጨቱን አቻኩለነዋል» አሉኝ። «ስንት ጊዜ መቆየት ነበረበት አባባ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እርጥቡን ጠርበን ቅርጹን ካስያዝነው በኋላ ጥላ ውስጥ አንድ በጋ ሙሉ መቀመጥ አለበት። ግን የት ላስቀምጠው? እስቲ እይው» ብለው በእጃቸው ዙሪያውን አሳዩኝ።

ዙሪያውን አየሁት። አራት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ይጠርባሉ፤ ተሠርቶ ያለቀው በርጩማ በአንድ ጥግ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ገና ያልተነካው ግንድ መግቢያው ላይ ስለቆመ ገዢ ሲመጣ በጎን ነው የሚገባው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ እኩለ ቀን ላይ ይግላል፤ ፈጥኖ የደረቀ እንጨት ደግሞ ከውጭው ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሚሆን ይሰነጠቃል፤ በተለይም ከግንዱ ልብ አካባቢ። ስለዚህ የእኔ በርጩማ የተሰነጠቀው ጠራቢው ሙያ ስላነሰው አይደለም፤ ሙያው የሚጠይቀው ትዕግሥት የሚያርፍበት ጥላ ስላጣ ነው። ሽማግሌው ሌላ በርጩማ እንድወስድ ቢያቀርቡልኝም የራሴውን ለምጄው ስለነበር፣ ንጹሕ ሰም አቅልጠው ስንጥቋን ደፈኑልኝ፤ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። እስከ ዛሬ ድረስ ስንጥቋ አልሰፋችም። በአገልግሎቱ በኩል ከዚህ የበለጠ የምጠይቀው የለም።

አሁን ስለ ሼዱ። በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ፕሮግራም ለተደራጁ ሰዎች በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጥ የመሥሪያ ቦታ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ምስጋናውን አስቀድማለሁ፤ ይህ ቦታ ባይኖር ኖሮ እኔም ሆንኩ ሌላው ገዢ ጠራቢውን በሥራው ላይ እያየን፣ እየጠየቅንና እያዘዝን መግዛት አንችልም ነበር፤ ዕቃው በሁለትና በሦስት ነጋዴ እጅ አልፎ፣ የሠራው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ነበር የሚደርሰን። ሼዱ መብራት አለው፤ መንገድ ዳር ነው፤ ጠራቢዎቹ ዝናብ ሲመጣ ዕቃቸውን ሰብስበው አይሮጡም። አንድ ከተማ ለባህል አደረገ ከሚባለው ነገር ሁሉ፣ ከባነርና ከበዓል ሰልፍ ሁሉ፣ እኔ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ዓይነቱ በየቀኑ ተከፍቶ በየቀኑ ለሚዘጋ በር ነው።

ችግሩ ያለው የሼድ አሠራር ሲታሰብ የእጅ ጥበብ በልብ አለመያዙ ላይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተለመደው ደንብ አንድ ተቋም ሼዱን እስከ 5 ዓመት ድረስ ተጠቅሞ፣ ካፒታል አፍርቶና ወደሚቀጥለው ደረጃ ተሸጋግሮ ቦታውን ለተተኪ እንዲለቅ ነው። ለብሎኬት አምራች ወይም ለብረታ ብረት ሠራተኛ ይህ አግባብነት አለው፤ ቦታ ጥቂት ነው፣ ጠባቂው ብዙ ነው፣ ተራ መስጠት ፍትሕ ነው። ነገር ግን የብሎኬት ማሽን ሁለት ሲሆን ምርቱም እጥፍ ይሆናል፤ የመሮ ሥራ ግን ማሽን በጨመረ ቁጥር አያድግም፤ የሚያድገው እጅ ሲጨምር ነው፤ አዲስ እጅ ደግሞ በአንድ ዓመት አይፈጠርም። ሽማግሌው እንደነገሩኝ አንድ ልጅ ግንድ አይቶ በርጩማው በየት በኩል እንደተቀመጠ ለመለየት፣ ማለትም እግሮቹን በየትኛው የእንጨት መሥመር ቢያወርዳቸው እንደማይሰበሩ ለማወቅ፣ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ ልጁ ሙያውን በጨበጠ ማግሥት የማኅበሩ ጊዜ ያልቃል። ወደ መካከለኛ ኢንዱስትሪ የሚያሸጋግር ካፒታል ከመሮ አይገኝም፤ ስለዚህ የሚቀረው ምርጫ መበተን ነው፤ የተበተነ ማኅበር ደግሞ ተማሪውን ይዞ አይበተንም። ለዚህ ሲባል አዲስ አዋጅ ማወጅ አያስፈልግም፤ በአንድ ክልል ወይም በአንድ ከተማ ደረጃ የእጅ ጥበብ ሼዶችን ከሌሎቹ ለይቶ፣ ጊዜያቸው የሚታደሰው በካፒታላቸው መጠን ሳይሆን ባስተማሯቸው ልጆች ቁጥር እንዲሆን መወሰን የሚቻል ይመስለኛል። ለማድረቂያ የሚሆን፣ ግድግዳው ነፋስ የሚያስገባ አንድ የጋራ መጠለያ ቢታከልበት ደግሞ የእኔን በርጩማ የሰነጠቀው ችግር በአብዛኛው ይቃለል ነበር።

ጥበበኛንና ሊቅን ማስጠጋት ለጅማ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ነጋዴዎችንና የእስልምና ሊቃውንትን በግዛታቸው አስጠግተው አኑረዋል፤ ከኮረብታው በታች የነበረው የሂርማታ ገበያ ደግሞ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ሲሆን ሐሙስ እስካሁንም ትልቁ የገበያ ቀን ነው። የንጉሡ መገልገያዎችና ሌሎች የአካባቢው ቅርሶች የተሰበሰቡበት የጅማ ሙዚየምም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። ሙዚየሙን ለእንግዶች ማሳያ ብቻ አድርጌ አስብ የነበረው ከሼዱ ወጣቶች አንዱ ጋር እስክነጋገር ድረስ ነበር። ይህ ወጣት ጀርባ ያለውን ትልቁን ወንበር መጥረብ የጀመረው ሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን የቆዩ ወንበሮች ደጋግሞ ሄዶ በማየት እንደሆነ፣ የጀርባውን ዘንበል ማለት በዓይኑ ለክቶ ቤቱ ገብቶ በከሰል እንደሣለው ነገረኝ። ለጠራቢ ልጅ ሙዚየም የንድፍ መጽሐፉ ነው። በወር አንድ ቀን የእጅ ባለሙያዎች መሮና መጥረቢያቸውን ይዘው በግቢው ውስጥ እንዲሠሩ፣ ተማሪዎቼም ቆመው እንዲያዩ ቢደረግ፣ ለማንም ብዙ ወጪ ሳይሆን አሮጌው ወንበርና አዲሱ እጅ ይገናኙ ነበር።

ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙ አልናገርም፤ ብዙ ተጽፎለታል። አንድ ነገር ግን ከጉዳዬ ጋር ስለሚያያዝ ላንሣው። የጅሬኑ ቤተ መንግሥት በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነው፤ ጅማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። እንጨትና ዝናብ ባሉበት ምስጥም፣ ሻጋታም፣ የማያቋርጥ ጥገናም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና በፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲሠራ ስለሚያዝዝ፣ አንድ ከተማ ከመሬት ተነሥቶ በራሱ እጅ ሊጠግነው አይችልም፤ ድርሻው መንገዱን፣ የጎርፍ መውረጃውን፣ ጥበቃውንና ጎብኚውን ማሰናዳት ነው። ነገር ግን ፈቃዱም ገንዘቡም በተገኘ ጊዜ ወጥ እንጨት መጥረብ የሚያውቅ እጅ ከየት ይመጣል? ያ እጅ ዛሬ ያለው በእነዚያ በጠበቡ ሼዶች ውስጥ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ኪነ ጥበብን አቅም በፈቀደ መጠን መደገፍን ግዴታ ያደርገዋል። በኦሮሚያ ያሉ ከተሞች በአዋጅ ቁጥር 65/1995 መሠረት የራሳቸው ምክር ቤትና ከንቲባ እንዲኖራቸው ተደርጓል፤ የከተማውን ዕቅድና በጀት የሚያጸድቀውም ምክር ቤቱ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር በየትኛውም ከተማ ውኃ፣ መንገድ፣ ጽዳትና ደመወዝ አስቀድመው እንደሚሰለፉ አውቃለሁ፤ መሰለፋቸውንም አልቃወምም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከተማ ለጥበብ ከሚሰጣቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ ማለትም ቦታ፣ ሰዓትና ሥራ፣ ብዙ ጊዜ አዲስ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ያለው ነገር ለማን፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ በግልጽ ተጽፎ መገኘት ነው።

ሥራ ስል መግዛትን ጭምር ማለቴ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንግዳ ሲመጣ፣ ባለሙያ ሲሸኝ፣ ጉባኤ ሲዘጋ የሚሰጠው ስጦታ በብዙ ቦታ ያው በርጩማ ወይም ጀበና ነው፤ ይህ በጎ ልማድ ነው። ነገር ግን የመንግሥት ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል። ሳይደራጅ በራሱ ግቢ ብቻውን የሚጠርብ ሰው ይህን ሁሉ ስለማያሟላ፣ መሥሪያ ቤቱ ዕቃውን ከባለደረሰኝ ነጋዴ ይገዛል፤ ነጋዴውም ከጠራቢው በግማሽ ዋጋ ይወስዳል። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ጠራቢው ግን ከገዛ ከተማው ሥጦታ የደረሰው ትንሹ ድርሻ ነው። የሼዱ ማኅበር እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አይቻለሁ፤ ተደራጅተው ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ስላወጡ ለመሥሪያ ቤቶች በቀጥታ መሸጥ ችለዋል። ከዚህም በላይ ትእዛዙ በጀት ሊዘጋ በተቃረበበት በሰኔ ተጣድፎ ከሚመጣ ይልቅ በመስከረም ቢነገራቸው፣ በጋውን ሙሉ የደረቀ እንጨት ለማቅረብ እንደሚችሉ ሽማግሌው ነግረውኛል። የበጀት መዝጊያ ጥድፊያ በርጩማ እንደሚሰነጥቅ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ስለ መድረክ ጥበብ ጥቂት ልጨምር፤ እዚያም ጉዳዩ ያው ቦታ ነውና። በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቼ የቀበሌ ኪነትን ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበረ፤ የሚዘፈነውንና የሚተወነውን መንግሥት ይወስን ስለነበር ያንን የምናፍቅ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት የመጣ አንድ ወጣት ከበሮና ክራር የሚያገኝበት፣ በሳምንት የታወቁ ቀናት የሚለማመድበት አዳራሽ ነበረው፤ በኋላ ስማቸው የገነነ ብዙ ድምፃውያንም ከዚያ ወጥተዋል። ከ1983 ወዲህ ቡድኖቹ ሲፈርሱ ጫናው ተነሣ፤ ግን ልምምዱም አብሮ ተነሣ። አዲስ አበባ ከማዘጋጃ ቤቷ ጋር የቲያትር አዳራሽ አብራ ስለሠራች ስንት ትውልድ ተዋናይ እዚያ እንዳደገ ይታወቃል፤ በማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ሥር ቲያትር ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የራሴን ገጠመኝ ደግሞ ልናገር። ወደ ጅማ ከመምጣቴ በፊት ባስተማርኩበት ከተማ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ተውኔት ለአራት ወር ስናዘጋጅ፣ አዳራሹን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንጠቀም በቃል ተፈቅዶልን ነበር። ስብሰባ በመጣ ቁጥር ግን እንወጣለን፤ ስብሰባ ደግሞ ሁልጊዜ ይመጣል። ልጆቹ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ከመድረክ ወርደው በር ላይ ሲጠብቁ፣ መሪ ተዋናይዋ የነበረችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ «እትዬ፣ እኛ ስብሰባ ብንሆን ኖሮ ያስገቡን ነበር» አለችኝ። ተውኔቱ በመጨረሻ ለአንድ በዓል ተጠራ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃው ብቻ እንዲቀርብ ተደረገ፤ ለልጆቹም አበል ተከፈላቸው፤ በማግሥቱ አዳራሹ ተዘጋ። ያ ከተማ ባህልን አልደገፈም ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ አበሉም፣ የምስክር ወረቀቱም፣ ጭብጨባውም ነበረ። ያልነበረው በደብተር የተጻፈ ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ አንድ ከተማ ለኪነ ጥበብ ምን ያህል ያስባል ተብዬ ብጠየቅ፣ የበዓሉን መድረክ ከማየቴ በፊት የአዳራሹን የሰዓት ደብተር አሳዩኝ እላለሁ።

ጅማ ደግሞ ለመድረክ የሚሆን ሀብት አላጣችም። መንዙማው አለ፤ የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ የሆነው ጌረርሳ አለ፤ የቡና ፍሬ ከነቅርፊቱ በቅቤ ተነጥሮ በምርቃት የሚቀርብበት ቡና ቀላ አለ። እነዚህ በየቤቱና በየመንደሩ በራሳቸው ጊዜ የሚኖሩ ናቸው፤ ማንም መድረክ ላይ እንዲያወጣቸው አይጠብቁም። ቡና ቀላን በሁለት ደቂቃ ትርኢት ውስጥ ከጭፈራ ጋር ቀላቅሎ ማሳየት ሥርዓቱን ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምርቃቱን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በሚቀመጡበት፣ ጊዜው በማይለካበት ቦታ ቢሆን ነው የሚያምረው። ወጣቱ የሚጎድለው ተቀምጦ የሚሰማበት ምሽት ነው።

ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ ገዢ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለና። ዋንዛ በጅማ ዙሪያ የቡና ጥላ ዛፍ ነው። ገበሬው ዋንዛውን ሲያቆም ቡናውን ከጠራራ ፀሐይ ይጠብቃል፤ ሲቆርጠው ደግሞ ጣውላና ገንዘብ ያገኛል። የአገሪቱ የደን ሕግ ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን ዛፍ መቁረጥን ስለሚከለክል፣ ጠራቢዎቹ የሚገዙት ከገበሬ ማሳ ነው፤ ለማጓጓዝም ፈቃድ ያወጣሉ። በርጩማ ከወጥ ግንድ ሲፈለፈል ከእንጨቱ አብዛኛው ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ሽማግሌው ግን ፍቅፋቂው ለማገዶ እንደሚሸጥ፣ ከትልቁ ወንበር ጉድጓድ የሚወጣው ቁራጭም የቡና ረከቦትና የሕፃናት በርጩማ እንደሚሠራበት አሳዩኝ። ይሁንና ጠራቢ የሚያስፈልገው ዛፍ ከአንድ ሰው ዕድሜ ጋር የሚቆጠር ነው። በወንዝ ዳርና በመንገድ ዳር ለጌጥ ከሚተከሉት ዛፎች መካከል ዋንዛ ቁጥሩ ቢበዛ፣ ዛሬ መሮ የጨበጠው ልጅ ሲሸብት የሚጠርበው አያጣም።

እንግዲህ ለገዢ የምመክረው የሚከተለውን ነው። ሼዱን ለመጎብኘት ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ስለሚግል ጠራቢዎቹ ውጭ ዛፍ ሥር ይወጣሉ። ሐሙስ ከገበያ ጋር አያይዛችሁ ከሄዳችሁ ሕዝቡ ስለሚበዛ ተረጋግቶ ማየት ያስቸግራል። በርጩማውን አንሡና ክብደቱን መዝኑ፤ ከመጠኑ በላይ ከከበደ ገና እርጥበት አለው ማለት ነው። ገልብጣችሁ የግንዱ ልብ፣ ማለትም ጥቁሩ ነጥብ፣ መቀመጫው መሐል ላይ ወድቆ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከዚያ ላይ የሚነሣ ስንጥቅ ይበዛል። በቫርኒሽ ያብለጨለጨውን ከመምረጥ በፊት ያልተቀባ ካለ ጠይቁ፤ ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዋጋ ብዙ አትከራከሩ፤ አንዱን በርጩማ ለመጨረስ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ቤት ከወሰዳችሁት በኋላም ከመስኮት ፀሐይና ከምድጃ አጠገብ አርቃችሁ፣ በየጥቂት ወሩ ዘይት እሹት።

እኔ በበኩሌ ለበርጩማው ከነስንጥቁ ከፍ ያለ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ለሠሩት ሰዎች ከዚያም በላይ። ሼዱን የሰጠው ውሳኔም መልካም ውሳኔ ነበር፤ አምስት ዓመት የሚለው ገደብ ግን ለዚህ ሥራ አይመጥንም።

ባለፈው ሳምንት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ጀርባ ያለውን ትልቁን ወንበር ለማዘዝ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ጠራቢ የሙዚየሙን ወንበር እያሰበ በከሰል የሣለውን ወረቀት ዘርግቶ የጀርባውን ዘንበል ማለት አሳየኝ። ሽማግሌው ግንዱን መርጠው በመጥረቢያ ጀርባ እያንኳኩ ድምፁን ካዳመጡ በኋላ ቅድሚያ ክፍያዬን ሲቀበሉ፣ «አሁን እንጠርበዋለን፤ ግን አንሰጥሽም። አንድ ዘመዴ ግቢ ውስጥ ጥላ ስላገኘሁ እዚያ አስቀምጠዋለሁ። ለፋሲካ ነይ» አሉኝ። የማኅበሩ የሼድ ጊዜ የሚያልቀውም በዚያው ሰሞን እንደሆነ ነገሩኝ፤ ስለዚህ በስተኋላ የት እንደማገኛቸው በደብተሬ ላይ የዘመዳቸውን ግቢ አቅጣጫ አጻፉኝ።